ኤግዚት ምንድን ነው?

ስለ ስታርትአፕ የምንሰማው ወሬ አብዛኛው ስለ መግባት ነው። እገሌ የተባለ ኩባንያ ይህን ያህል ሚሊዮን ዶላር አገኘ ይባላል፤ ፎቶ ይነሳል፣ ይጨበጨባል። ገንዘቡን የሰጠው ሰው ልቡ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው። እሱ ገና ሳይገባ የሚያየው መውጫውን ነው።

ኤግዚት ማለት ይኸው ነው፦ ኢንቨስተሩ የገዛውን ድርሻ ሸጦ ገንዘቡን ይዞ የሚወጣበት መንገድ።

ምን ያስቸኩለዋል? ገንዘቡ የራሱ አይደለማ። የቬንቸር ካፒታል ፈንድ፣ ማለትም በጀማሪ ኩባንያዎች ላይ የሚውል የጋራ ገንዘብ፣ ከጡረታ ፈንዶች፣ ከኢንሹራንስ ኩባንያዎችና ከባለጸጎች የሚሰበሰብ ነው። ዕድሜውም በተለምዶ 10 ዓመት ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሁሉም ተሽጦ ለባለገንዘቦቹ መከፋፈል አለበት። ድርሻው እስኪሸጥ ድረስ ኩባንያው በቢሊዮን ቢገመት እንኳ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

በሮቹ ጥቂት ናቸው። ወይ ኩባንያው አክሲዮን ገበያ ይወጣል፣ ወይ ትልቅ ኩባንያ ገዝቶ ይጠቀልለዋል፣ ወይ ድርሻው ለሌላ ኢንቨስተር ይሸጣል። በታዳጊ ኢኮኖሚዎች የመጀመሪያው በር ብዙ ጊዜ ጠባብ ነው። ገበያው ቢኖርም ገዢው ጥቂት ስለሆነ ብዙ አክሲዮን አንዴ ሲቀርብ ዋጋው ይወርዳል። ስለዚህ ዓይን ሁሉ ገዝቶ የሚጠቀልለውን ትልቅ ኩባንያ ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካው ቸርቻሪ ዋልማርት የህንዱን የኦንላይን መደብር ፍሊፕካርት 77 በመቶ ድርሻ በ16 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛ ብዙ ነባር ባለድርሻዎች የወጡት በዚህ በር ነው። በ2020 የናይጄሪያውን የክፍያ ኩባንያ ፔይስታክ የገዛው ደግሞ ትልቁ የክፍያ ኩባንያ ስትራይፕ ነው።

በሩ ተከፈተ እንበል። ምንዛሪ የሚባል ጣጣ ይጠብቃል። ፈንዱ የሚቆጥረው በዶላር ነው፣ ኩባንያው የሚሸጠው በአገሩ ገንዘብ። ናይጄሪያን እንውሰድ። እስከ 2023 አጋማሽ አንድ ዶላር በይፋ ወደ 460 ናይራ ነበር፤ በ2024 ከ1,500 አለፈ። ያኔ 1 ሚሊዮን ዶላር ያስገባ ሰው 460 ሚሊዮን ናይራ አስገባ ማለት ነው። ድርሻው በናይራ እጥፍ ሆኖ 920 ሚሊዮን ቢደርስ እንኳ በ1,500 ሲመነዘር 613 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። ኩባንያው አድጓል፣ ኢንቨስተሩ ከስሯል። መሥራቹን ምን ይሉታል?

ከ2022 ጀምሮ የአሜሪካ ወለድ ሲጨምር ነገሩ ባሰ። ያለ ስጋት ጥሩ ወለድ የሚያገኝ ዶላር ለምን ሩቅ ይሄዳል? ከዚያ ወዲህ ኢንቨስተሮች ከዕድገት በፊት ስለ ትርፍ መጠየቅ አብዝተዋል። እንደ እኔ እንደ እኔ ይህ ጥያቄ ቀድሞም መቅረት አልነበረበትም።

ሁሉም ግን አይቸኩልም። የደቡብ አፍሪካው ናስፐርስ እ.ኤ.አ. በ2001 በቻይናው የኢንተርኔት ኩባንያ ቴንሰንት ላይ 32 ሚሊዮን ዶላር አዋለ። በ2018 ከጠቅላላው የቴንሰንት አክሲዮን 2 በመቶ ያህሉን ብቻ ሲሸጥ 9.8 ቢሊዮን ዶላር አገኘ። ናስፐርስ ፈንድ ሳይሆን ኩባንያ ነው። አሥር ዓመት ሞላ፣ ገንዘባችንን መልስ የሚለው አልነበረም።