የአቻ አስተያየት ምንድን ነው?

አንድ ተማሪ ድርሰቱን ለመምህሩ ከማስረከቡ በፊት ለክፍል ጓደኛው ያስነብባል። ጓደኛው የገባውንና ያልገባውን ይነግረዋል። ጸሐፊው ያንን ይዞ እንደገና ይጽፋል። የአቻ አስተያየት የሚባለው ይኸው ነው። ዋናው ነገር ጽሑፉ ገና ረቂቅ ሳለ መነበቡ ነው። ማርክ ከተሰጠ በኋላ የሚመጣ አስተያየት ምንም ጥሩ ቢሆን ወረቀቱ ላይ ቀርቶ ነው የሚረሳው።

ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው በይሉኝታ ነው። «አሪፍ ነው፣ በርቺ» ተብሎ ረቂቁ ይመለሳል። አንዳንዱ ደግሞ ፊደል ሲለቅም ይውላል። ነገ ሙሉ በሙሉ ሊሰረዝ የሚችል አንቀጽ ላይ ነጠላ ሰረዝ ማረም ግን ትርፉ ድካም ነው።

አንዲት ተማሪ ስለ አዲስ አበባ የትራንስፖርት ችግር ጻፈች እንበል። መጀመሪያ የታክሲ ሰልፉን ታሳያለች። ቀጥላ ስለ ነዳጅ ዋጋ ታወራለች። ከዚያ «ስለዚህ ተጨማሪ አውቶቡሶች መግባት አለባቸው» ብላ ትጨርሳለች። አንባቢዋ «ሁለተኛው አንቀጽ ደካማ ነው» ቢላት ምን ታድርገው? እንዲህ ቢላትስ? «ሰልፉን ሳነብ እዚያው የቆምኩ መሰለኝ። ነዳጁ ጋ ስደርስ ግን ጠፋብኝ። ሰልፉ የረዘመው ነዳጅ ስለተወደደ ነው እያልሽ ነው ወይስ ይሄ ሌላ ችግር ነው? አውቶቡሱስ ከነዳጁ ጋር ምን አገናኘው?» አሁን ማታ ቁጭ ብላ ምን እንደምትሠራ ታውቃለች። ልጁ አስተማሪ አልሆነባትም። ሲያነብ የሆነውን ብቻ ነው የነገራት።

«እሱም እንደኔ ተማሪ ነው፣ ምን ያውቃል?» የሚሉ አሉ። የጠፋበትን ቦታ ለመናገር ግን ማንበብና ሐቀኛ መሆን ይበቃል። ደግሞም ትልቁን ጥቅም የሚያገኘው አስተያየት ሰጪው ራሱ ሊሆን ይችላል። ክሪስቲ ሉንድስትሮምና ዌንዲ ቤከር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት አላቸው። እንግሊዝኛ እንደ ሁለተኛ ቋንቋ የሚማሩ 91 ተማሪዎችን ለሁለት ከፈሉ። አንደኛው ወገን በሌላ ሰው ጽሑፍ ላይ አስተያየት መስጠትን ብቻ ተለማመደ። ሌላው የተሰጠን አስተያየት ተጠቅሞ ማሻሻልን ብቻ። በኋላ የራሳቸው ጽሑፍ ሲታይ ይበልጥ የተሻሻሉት ሰጪዎቹ ሆኑ። ከእነሱም መካከል የበለጠ ለውጥ ያሳዩት በቋንቋው ገና ጀማሪ የሆኑት ነበሩ። እኔን በጣም ደስ የሚለኝ ይሄ ነው፤ ክፍል ውስጥ «እኔ ምን አውቄ» ብሎ ዝም የሚለው ልጅ ነው ይበልጥ የሚጠቀመው።

እርስ በርስ ማርክ መሰጣጣት ግን ሌላ ነገር ነው። ሁለቱ ባይቀላቀሉ እመርጣለሁ፤ ማርክ ሲገባበት ይሉኝታው ይብሳል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሦስት ሆኖ መቀመጥ ይበቃል፤ 60 ተማሪ ባለበት ክፍልም ይቻላል። ጸሐፊዋ ከረቂቁ አናት ላይ የሚያሳስባትን አንድ ጥያቄ ትጻፍ፤ ለምሳሌ «መደምደሚያዬ ያሳምናል?» አንባቢዎቹ ሲናገሩ መልስ ሳትሰጥ ታዳምጥ። ልከላከል ካለች ወሬው ወደ ክርክር ይዞራል፤ ልትል የፈለገችው ነገርም ወረቀቱ ላይ ሳይሆን አፏ ላይ ይቀራል። የተባለችውን ሁሉ መቀበል የለባትም፤ ጽሑፉ የእሷ ነው። ሁለቱም አንድ ቦታ ላይ ከጠፋባቸው ግን መጀመሪያ የምታስተካክለው እሱን ነው።