«ግልግል» ስንል ምን ማለታችን ነው? የንግድ ክርክርና የሚወሩበት ስህተቶች

ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ የጽሕፈት አገልግሎት የሚሰጡ ትንንሽ ቤቶች አሉ። እዚያ የሚታተም የንግድ ውል መጨረሻው ላይ ብዙ ጊዜ ይቺ ነገር ትገኛለች፦ «አለመግባባት ቢፈጠር በሽምግልና ይፈታል፤ ካልሆነ በሕግ አግባብ ይታያል።» ሰው ዋጋውን ሦስቴ ያነባል፤ ይቺን ዘሎ ይፈርማል። የምትነበበው ገንዘብ ሳይከፈል ሲቀር ነው። ስለ ግልግል በተለምዶ የሚባሉትን ስህተቶች አንድ በአንድ እንያቸው።

«ግልግል ያው ሽምግልና ነው።»

አይደለም። ሽማግሌ ያስታርቃል። «አልታረቅም» ካላችሁት ከመለመን በቀር አቅም የለውም። የግልግል ዳኛ ግን ይፈርዳል፤ ማስረጃ ይመረምራል፣ ምስክር ይሰማል፣ ውሳኔ ይጽፋል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1237 ራሱ የግልግል ዳኝነትንና እርቅን ለያይቶ ነው የሚጠራቸው።

እንግዲህ ወደዚያች አንቀጽ እንመለስ። አንዱ ወገን «ግልግል ዳኝነት ማለታችን ነው» ይላል፤ ሌላው «ሽማግሌ ሞከርን፣ አልሆነም፣ ልደታ እንገናኝ» ይላል። ዋናው ጉዳይ ሳይነካ ስለ አንዲት መስመር ቀጠሮ ይደረደራል። ግልግል የፈለገ ሰው «በግልግል ዳኝነት ይወሰናል» ብሎ በግልጽ ይጻፍ። ዳኞቹ ስንት እንደሆኑ፣ ማን እንደሚመርጣቸው፣ የት እንደሚቀመጡና በምን ቋንቋ እንደሚሠሩ ይጨምር። ሜክሲኮ የሚገኘው የአዲስ አበባ ንግድና ዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤት የግልግል ተቋም ስላለው በእሱ ደንብ እንዲታይ መስማማትም ይቻላል።

«ውሳኔው ወረቀት ነው፤ ተሸናፊው እምቢ ካለ አበቃ።»

እምቢ ካለ አፈጻጸም ይከፈትበታል፤ ፍርድ ቤት እንደ ራሱ ፍርድ ያስፈጽመዋል። ከውጭ ነጋዴ ጋር ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይጣፍጣል። ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. በአንድ አገር የተሰጠ የግልግል ውሳኔ በሌላ አገር እንዲፈጸም የሚያስችለውን የኒውዮርክ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 1184 አጽድቃለች፤ ከ170 በላይ አገሮች አሉበት። ቻይናም፣ የተባበሩት አረብ ኤምሬቶችም ገብተዋል። ዱባይ ያለ አቅራቢ ላይ አዲስ አበባ የተሰጠ የግልግል ውሳኔ እዚያው እንዲፈጸም መጠየቅ ይቻላል። የፍርድ ቤት ፍርድ ግን ይህን ያህል አገር ያዳረሰ ስምምነት የለውም።

«አንዴ ከተወሰነ በኋላ ፍርድ ቤት ዝር አይልም።»

ግማሹ እውነት ነው። ተዋዋዮቹ በሌላ ሁኔታ ካልተስማሙ ይግባኝ የለም። የሰበር፣ ማለትም የሕግ ስህተት የሚያርመው ችሎት፣ በር ግን በውላችሁ ካልዘጋችሁት ክፍት ነው፤ መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለ የሚል ወገን አቤት ሊል ይችላል። ውሳኔው እንዲሻር መጠየቅም አለ። ስለ ሰበር ያላችሁን ሐሳብ ውሉ ላይ ጻፉት።

«ግልግል ርካሽ ነው።»

እንጃ። የመንግሥት ዳኛን ደሞዝ መንግሥት ይከፍላል፤ የግልግል ዳኛን እናንተ ትከፍላላችሁ። ለ200 ሺህ ብር ክርክር ሦስት ዳኛ ማስቀመጥ ለእኔ ቅንጦት ነው፣ አንድ ይበቃል። ፈጣን ነው የሚባለውም የሚሠራው ሌላው ወገን ሲተባበር ነው። «ዳኛ አልመርጥም» ብሎ ከገገመ ሹመቱን ለማግኘት መልሳችሁ ፍርድ ቤት ትሄዳላችሁ። ትልቁ ጥቅሙ ሌላ ነው፤ ስለ ኮንስትራክሽን ክርክር ኮንስትራክሽን የሚያውቅ ሰው መምረጥ ትችላላችሁ፣ ገበናችሁም ችሎት ላይ አይነበብም።

«ከተስማማን ሁሉም ነገር ወደ ግልግል ይሄዳል።»

አይሄድም። ሊዝን ጨምሮ የመሬት ጉዳይ፣ ግብር፣ የኪሳራ ፍርድ፣ የንግድ ማኅበር መፍረስ አይሄዱም። የአስተዳደር ውልም፣ ማለትም ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር ለሕዝብ አገልግሎት የሚደረግ ውል፣ ሕግ ካልፈቀደ እንዲሁ።

«የውጭ ባለሀብት ደስ ባለው ቀን መንግሥትን ዋሽንግተን ይከሳል።»

ሰው የሚለው በዓለም ባንክ ጥላ ሥር ያለውን የኢንቨስትመንት ክርክር ማዕከል ነው። ኢትዮጵያ የማዕከሉን ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1965 ፈርማለች፤ ግን አላጸደቀችም። ብታጸድቅም እንኳ ያለ መንግሥት ፈቃድ ክስ የለም። ያ ፈቃድ የሚፈለገው አገራችን ከባለሀብቱ አገር ጋር በተዋዋለችው የኢንቨስትመንት ስምምነት ወይም ባለሀብቱ ከመንግሥት ጋር በፈረመው ውል ውስጥ ነው።