ፋይሉን የቆለፈው ሰውየው አይደለም

ሰኔ በመጣ ቁጥር ከደብረ ማርቆስ እስከ ፍኖተ ሰላም ካሉ መሥሪያ ቤቶች የሚደወልልኝ ስልክ አንድ ዓይነት ነው፦ «እገሌ ሪፖርቱን ቆልፎብን ሄደ፤ መጥተህ ክፈትልን!» የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋልና የዕቅድ አፈጻጸም ሪፖርቱን ሁሉም በአንድ ሰሞን ሊነካው ይፈልጋል። ኮምፒውተሩ ደግሞ ዘግይቶ ለደረሰው «ሰነዱ በእገሌ ተይዟል» ይለዋል። ከዚያ ኩርፊያ፣ ከዚያ ለኃላፊ አቤቱታ። ሰልችቶኛል።

እገሌ ምንም አልቆለፈም። ወርድ ሰነድ ሲከፍት እዚያው ፎልደር ውስጥ የከፈተውን ሰው ስም የያዘች ትንሽ ድብቅ ፋይል ይፈጥራል፤ ስሟ በ«~$» ይጀምራል። ኤክሴልም ያደርገዋል፤ ሊብረ ኦፊስ የሚባለው ነፃ የቢሮ ፕሮግራምም የራሱ ዓይነት አለው። ዓላማው ሁለት ሰው በአንድ ሰነድ ላይ ጽፎ አንዱ የሌላውን ሥራ እንዳያጠፋ ነው፤ አንድን እርፍ ሁለት ገበሬ አይጨብጠውም። ሰነዱ በሥርዓት ሲዘጋ ፕሮግራሙ ራሱ ድብቋን ፋይል ይሰርዛታል። መብራት በድንገት ሲጠፋ ግን የሚሰርዛት የለም፤ የሰውየውን ስም እንደያዘች ትቀራለች።

አንድ ወረዳ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ባለሙያው ለቀብር ሞጣ ሄዷል፤ ስሙ ግን በየኮምፒውተሩ ይታያል። «ሆን ብሎ ነው» ተባለ። ስደርስ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ተጽፎ ማኅተም ብቻ ይቀረው ነበር። በሄደበት ዋዜማ መብራት ሲጠፋ ሰነዱ ክፍት እንደነበረ ያስታወሰ አንድም ሰው የለም። ድብቋን ፋይል ሰረዝኳት፤ ሪፖርቱ ተከፈተ። ደብዳቤው የት እንደደረሰ አልጠየቅኩም።

እናንተም ማድረግ ትችላላችሁ፤ ግን መጀመሪያ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ዞራችሁ ሰነዱ በማንም ዘንድ አለመከፈቱን አረጋግጡ። ከዚያ ድብቅ ፋይሎች እንዲታዩ አድርጉና «~$» ያለባትን ብቻ ሰርዙ። ብቻ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሪፖርቱን ራሱን ሰርዞ የጠራኝ አለ።

የሚታየው ስም ራሱ ማስረጃ አይደለም። ኦፊስ ውስጥ (ወርድና ኤክሴል ያሉበት ፕሮግራም ነው) የተሞላውን ስም ነው የሚያሳየው። አንድ ባለሙያ የቢሮውን ኮምፒውተሮች ሁሉ «ዩዘር» በሚል አንድ ስም ከጫናቸው፣ ሁሉም «በዩዘር ተይዟል» ይላሉ፤ ያ ዩዘር የሚባለው ሰው ደግሞ በደመወዝ መክፈያው ላይ የለም። በፕሮግራሙ «ኦፕሽንስ» (ማስተካከያ) ውስጥ ገብቶ ስምን ማስተካከል የደቂቃ ሥራ ነው።

«ድብቅ ስለሆነ ቫይረስ ነው» የሚሉኝ አሉ። አይደለም።

«ኮምፒውተሩ ፎርማት ይደረግ።» ለምን ተብሎ?

«ፍላሽ ላይ ገልብጬ ሠርቼ እመልሰዋለሁ» የሚለው ግን ከቁልፉ የባሰ ነው። እናንተ ቤት ስትጽፉ ሌላው ቢሮ ውስጥ ይጽፋል፤ ጠዋት ፍላሹን ሰክታችሁ «ተካ» ስትሉ የእሱ ሥራ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል፤ ኮምፒውተሩም ፈቃዳችሁን ጠይቆ ነው የሚያጠፋው። ለንባብ ብቻ ከፍቶ ሰዓት ሙሉ መጻፍም ያው ነው፤ መጨረሻ ላይ በሌላ ስም ታስቀምጡትና ሁለት ሪፖርት ይኖራችኋል። ወርድ ከሚያቀርባቸው ምርጫዎች ሰነዱ ሲለቀቅ አሳውቀኝ የሚለውን ምረጡና ቡና ጠጡ።

ቴሌግራም ግሩፕ ላይ መለጠፍም በጋራ መሥራት አይደለም፤ ያወረደው ሁሉ የየራሱን ቅጂ ይዟል። በኔትወርክ የተጋራ ፎልደርም ቢሆን ሁለት ሰው አንድን የወርድ ሰነድ በአንድ ጊዜ እንዲጽፍበት አያደርግም። ለዚያ እንደ ጉግል ዶክስ ያለ፣ ወይም ዋንድራይቭ በሚባለው የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ማከማቻ ላይ የተቀመጠ ሰነድ ያስፈልጋል፤ ሁለቱም ኢንተርኔት ይፈልጋሉ። ኢንተርኔት ከሌለ ሪፖርቱን በየክፍሉ ከፋፍሉት፤ እያንዳንዱ የራሱን ፋይል ይጻፍ፤ የሚያዋህደው አንድ ሰው ይሁን፤ ስሙም አስቀድሞ ይታወቅ።

አንድ ልጨምር። የኤክሴል ገጽን በይለፍ ቃል መዝጋት ቀመር በስህተት እንዳይነካ ነው እንጂ ምስጢር አይጠብቅም። የደመወዝ ዝርዝር ማንም እንዳያየው ከፈለጋችሁ፣ ፋይሉ ገና ሲከፈት የይለፍ ቃል እንዲጠይቅ አድርጉ፤ ቃሉንም በማሽኑ ላይ በወረቀት አትለጥፉት።