ወላዲተ አምላክ ማለት ምን ማለት ነው?

“ወላዲት” በግእዝ የወለደች ማለት ነው። ከ“አምላክ” ጋር ሲናበብ “ወላዲተ አምላክ” ይሆናል፤ አምላክን የወለደች። የግሪኩን “ቴዎቶኮስ” ቃል በቃል የሚመልስ ነው። “የአምላክ እናት” ማለትም ያው ነው ይባላል፤ ለእኔ ግን ግእዙ ይበልጥ ጥንቁቅ ነው። እናት የሚለው ዝምድናን ይናገራል፣ ወላዲት የሚለው መውለድን። ክርክሩ የተነሣውም ከዚያው ላይ ነው፦ የወለደችው ማንን ነው?

ብዙ ሰው ስሙ ድንግል ማርያምን ከፍ ለማድረግ የወጣ ማዕርግ ይመስለዋል። የተጋደሉለት አባቶች ግን ከሁሉ በፊት ስለ ልጇ ነበር የሚከራከሩት።

እ.ኤ.አ. በ428 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ንስጥሮስ የቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ አብሮት የመጣው ቄስ አናስታስዮስ “ማርያምን ማንም ወላዲተ አምላክ አይበላት፤ ሰው ናት፣ ከሰው አምላክ ሊወለድ አይችልም” ብሎ ሰበከ። ከተማው ታወከ። ንስጥሮስ ቄሱን ደግፎ “ወላዲተ ክርስቶስ” ማለት ይሻላል አለ። መለኮት ከማርያም የተጀመረ እንዳይመስል ፈርቶ ነበርና ሥጋቱን ማቃለል አይገባም። የእስክንድርያው ቄርሎስ ለግብፅ መነኮሳት በጻፈው ደብዳቤ ያመጣው ምሳሌ ግን እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ሴት ስትወልድ ነፍስን የሚሰጠው እግዚአብሔር ነው፤ እንዲህም ሆኖ የሥጋው እናት ብቻ ናት አንላትም፣ የልጁ የሁለንተናው እናት ናት እንጂ። ማርያምም የመለኮት መነሻ ሳትሆን፣ ሥጋ የሆነውን አንዱን የእግዚአብሔር ቃል፣ ክርስቶስን፣ ወለደች። የተወለደው አምላክ ካልሆነ፣ የተሰቀለውስ ማን ሊሆን ነው?

ክርክሩን ለመዳኘት የተጠራው የጳጳሳት ጉባኤ በ431 ጁን 22 በኤፌሶን፣ በማርያም ስም በምትጠራው ቤተ ክርስቲያን ተከፈተ። የአንጾኪያው ዮሐንስና ጳጳሳቱ ገና መንገድ ላይ ነበሩ፤ ንስጥሮስም አልቀርብም አለ። በአንድ ቀን ተወገዘ። ማታ የከተማው ሰው ችቦ አብርቶ፣ ሴቶች ዕጣን እያጠኑ ጳጳሳቱን እስከ ማረፊያቸው ሸኙ። ከቀናት በኋላ የደረሰው ዮሐንስ ደግሞ የራሱን ጉባኤ ይዞ ቄርሎስን ሻረ። የቄርሎስ ትምህርት ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ያ ጥድፊያ ግን ያሳዝነኛል። ሁለቱ በ433 ሲታረቁ የፈረሙት ቃል ድንግልን ወላዲተ አምላክ ይላታል።

ጉባኤውን ያልተቀበለችው የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን (ዛሬ የአሦራውያን የምትባለው) ግን ተለይታ ቀረች። በ1994 ፓትርያርኳ ማር ዲንካ አራተኛና የሮሙ ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በጋራ ባወጡት መግለጫ፣ አንደኛው ወገን “የአምላካችንና የመድኃኒታችን የክርስቶስ እናት” ሲላት፣ ሌላው “የእግዚአብሔር እናት” ሲላት፣ ሁለቱም አንዱን እምነት እንደሚናገሩ ተቀበሉ።

ፕሮቴስታንቶችስ? ሉተር የአምላክ እናት ይላት ነበር፤ በ1577 የወጣው የሉተራውያን የእምነት ሰነድ፣ የስምምነት ቀመርም፣ በግልጽ ይላታል። ስለዚህ “ወላዲተ አምላክ የሚለውን ስም የጠላው የፕሮቴስታንት ተሐድሶ ነው” የሚለው አነጋገር ትክክል አይደለም። ጠቡ ሌላ ቦታ ነው፤ እርሷን መለመን ይገባል ወይ? በ1530 የወጣው የሉተራውያን የአውግስበርግ የእምነት መግለጫ ቅዱሳንን ማሰብን ይቀበላል፤ እነርሱን መለመንን ግን መካከለኛው አንዱ ክርስቶስ ነው ብሎ አይቀበልም። ኦርቶዶክሳውያንና ካቶሊካውያን ደግሞ “ወንድምህን ጸልይልኝ ትለው የለም ወይ? በክርስቶስ ሕያው የሆነውንስ ለምን አትለምነውም?” ይላሉ።

ስግደትም ላይ አንደማመጥም፤ ለዚህ ቋንቋውም የራሱ ድርሻ አለው። በ787 የተካሄደው የኒቅያ ሁለተኛ ጉባኤ ለእግዚአብሔር ብቻ የሚገባውን አምልኮ “ላትሪያ”፣ ለቅዱሳንና ለሥዕሎቻቸው የሚቀርበውን አክብሮት “ፕሮስኪኔሲስ” ብሎ ለየ። በአማርኛ ሁለቱም ስግደት ነው፤ “የአምልኮ”፣ “የጸጋ” ብለን ካልጨመርንበት አይለይም። አንዱ የጸጋውን ሲል ሌላው የአምልኮውን ይሰማል፤ “ታመልኳታላችሁ” የሚለው ክስም ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመነጫል።

ማርያምን በሚያከብሩትም መካከል ልዩነት አለ። ሮም በ1854 ያለ ጥንተ አብሶ (ከአዳም ከሚወረሰው ኃጢአት ነጻ ሆና) ተፀነሰች ብላ የደነገገችውን የኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት በዶግማነት አልተቀበሉትም።

ሁሉም የሚያነቡት ግን ያንኑ የቃና ሰርግ ነው። “የወይን ጠጅ እኮ የላቸውም” ስትለው አንዱ ምልጃዋን ይሰማል፤ ሌላው “ከአንቺ ጋር ምን አለኝ?” የሚለው መልስ ላይ ይቆማል። ቀጥሎ ወደ አገልጋዮቹ ዘወር ብላ “የሚላችሁን ሁሉ አድርጉ” አለቻቸው። በዮሐንስ ወንጌል ከዚህ በኋላ የተናገረችው ቃል አልተጻፈም።