በታላሴሚያ ሕሙማን ዘንድ በደም የሚተላለፍ የጉበት ቫይረስ ስጋት

ታላሴሚያ ሰውነት ሄሞግሎቢንን (በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ ኦክስጅን የሚያጓጉዘውን ፕሮቲን) በበቂ መጠን እንዳያመርት የሚያደርግ፣ ከወላጆች በዘር የሚወረስ የደም ሕመም ሲሆን፣ ከሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻዎች አንሥቶ በመካከለኛው ምሥራቅ በኩል እስከ ደቡብና ደቡብ ምሥራቅ እስያ በሚዘልቀው ቀጠና በብዛት ይታያል። ከባድ ከሆኑት ዓይነቶቹ አንዱ ቤታ ታላሴሚያ ሜጀር ነው፤ ይህን ሕመም ከሁለቱም ወላጆቹ የወረሰ ሕፃን ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ለከፍተኛ የደም ማነስ ይዳረጋል፤ ከዚያም በኋላ የአጥንት መቅኔ ንቅለ ተከላ ወይም የዘረመል ሕክምና ካላገኘ በየ2 እስከ 5 ሳምንቱ ደም እየተሰጠው ይኖራል። ሕይወቱን የሚያቆየው ይኸው ደም የጉበት ብግነት የሚያስከትሉት የሄፓታይተስ ቢ እና የሄፓታይተስ ሲ ቫይረሶች ወደ ሰውነቱ የሚገቡበት መንገድም ሊሆን ይችላል።

ስጋቱን ደም ከሚወስዱ ሌሎች ሕሙማን ስጋት የሚለየው ድግግሞሹ ነው። በአደጋ ወይም በወሊድ ምክንያት ደም የተሰጠው ሰው የጥቂት ለጋሾችን ደም ብቻ ያገኛል፤ የታላሴሚያ ሕመምተኛ ግን ለአካለ መጠን እስኪደርስ ድረስ በመቶዎች የሚቆጠሩ ለጋሾችን ደም ሊወስድ ይችላል። ከአንድ ዩኒት (አንድ ከረጢት) ደም የሚመጣው ስጋት እጅግ አነስተኛ ቢሆንም እንኳ በዕድሜ ልክ ሲደማመር ቀላል አይሆንም፤ ስለዚህ ለአንድ ዩኒት የተሰላውን ቁጥር ለዚህ ሕመምተኛ እንዳለ መጥቀስ አሳሳች ነው። መጠኑም ከአገር አገር ይለያያል፤ በለጋሾች መካከል ያለው የቫይረሱ ሥርጭት፣ የደም ባንኩ የምርመራ ዓይነትና ሕመምተኛው ደም መውሰድ የጀመረበት ዘመን ይወስኑታል።

የዘመኑ ጉዳይ በተለይ ከባድ ነው። አሜሪካዊው ተመራማሪ ባሩክ ብለምበርግ ለሄፓታይተስ ቢ መለየት በር የከፈተውን አንቲጂን (የቫይረሱን የገጽ ፕሮቲን) በእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ ያገኘው፣ በተደጋጋሚ ደም የወሰዱ ሕሙማን ያዳበሯቸውን ፀረ እንግዳ አካላት ሲመረምር ነበር፤ የተለገሰ ደም ለቫይረሱ ሊመረመር የቻለውም በእነዚሁ ሕሙማን ደም አማካይነት ነው ማለት ይቻላል። ሄፓታይተስ ሲ ግን እስከ እ.ኤ.አ. 1989 ድረስ ስም እንኳ አልነበረውም፤ ሐኪሞች «ሄፓታይተስ ኤም ቢም ያልሆነ» የጉበት ብግነት ይሉት ነበር። የለጋሾች ምርመራ ከእ.ኤ.አ. 1990 ጀምሮ ቀስ በቀስ በየአገሩ ሥራ ላይ እስኪውል ድረስ ዘወትር ደም ይወስዱ ከነበሩት መካከል ብዙዎቹ በቫይረሱ ተይዘዋል። በዕድሜ የገፉ ሕሙማን ከወጣቶቹ ይልቅ በቫይረሱ ተይዘው የሚገኙበት ዋና ምክንያትም ይህ ነው።

ምርመራው ስጋቱን በእጅጉ ቀነሰው እንጂ ፈጽሞ አላጠፋውም። በቅርቡ የተያዘ ለጋሽ ቫይረሱ በደሙ ውስጥ እያለ ምርመራው የማያሳይበት «የመስኮት ጊዜ» አለ። በፀረ እንግዳ አካል ላይ ብቻ የተመሠረተ የሄፓታይተስ ሲ ምርመራ ይህን ጊዜ ወደ ሁለት ወር ገደማ ያደርሰዋል፤ የቫይረሱን ዘረመል በቀጥታ የሚፈልገው የኑክሊክ አሲድ ምርመራ ግን ወደ አንድ ሳምንት ገደማ ያወርደዋል፤ ሆኖም ውድ በመሆኑ በሁሉም ቦታ አይገኝም። በሄፓታይተስ ቢ ደግሞ የገጽ አንቲጂኑ ሳይታይ ቫይረሱ በጉበት ውስጥ ተደብቆ የሚቆይባቸው ለጋሾች አሉ። በመሆኑም ያለ ክፍያ፣ በፈቃደኝነትና በመደበኛነት ከሚለግሱ ሰዎች ደም መሰብሰብ የምርመራውን ያህል አስፈላጊ ነው።

በበሽታው የተያዘ ሕመምተኛ ሁሉ ቫይረሱን ያገኘው ከደም ከረጢት ነው ማለት ግን ስሕተት ነው። በአንድ ክፍል በየጊዜው አብረው የሚታከሙ ሕሙማን በመርፌ፣ ለብዙ ሰው በሚቀዳ የመድኃኒት ብልቃጥ ወይም በደም በተበከለ ዕቃ አማካይነት ቫይረሱን እርስ በርስ ሊያስተላልፉ ይችላሉ። ይህ ጉድለት ከለጋሾች ምርመራ ያነሰ ትኩረት የሚሰጠው ሲሆን፣ እርማቱ ግን ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ቫይረሱ በታላሴሚያ ሕመምተኛ ላይ የከፋ ጉዳት የሚያደርሰው ጉበቱ አስቀድሞ የብረት ሸክም ስላለበት ነው። አንድ ዩኒት ቀይ የደም ሕዋስ ከ200 እስከ 250 ሚሊ ግራም ብረት ይይዛል፤ ሰውነት ግን በቀን ከ1 እስከ 2 ሚሊ ግራም ብቻ ያጣል፤ ትርፉን የሚያስወግድበት ተፈጥሯዊ መንገድ የለውም። በወር 2 ዩኒት የሚወስድ ሰው 400 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ሲያስገባ የሚወጣለት ከ60 አይበልጥም። ትርፉ በአብዛኛው በጉበት ይከማቻል፤ የተከማቸው ብረት የጉበት ሕዋሳትን ይጎዳል፤ ቫይረሱም በበኩሉ ብግነት ያስነሣል፤ ሁለቱ ሲገናኙ የጉበት ጠባሳ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ከሚያመጡት ፍጥነት በላይ ያድጋል። መድረሻው የጉበት መጠንከር (ሲሮሲስ)፣ አልፎም የጉበት ካንሰር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ብረትን የሚያስወግዱት ዴፌሮክሳሚን፣ ዴፌሪፕሮንና ዴፌራሲሮክስ የቫይረስ መድኃኒት ባይሆኑም ጉበትን ከቫይረሱ ጉዳት ከመጠበቅ ሥራ ተነጥለው መታየት የለባቸውም።

ሁለቱ ጉዳቶች በምርመራ ውጤትም ይምታታሉ። የጉበት ኢንዛይም ከፍ ማለት ከብረት፣ ከቫይረስ ወይም ብረት ከሚያስወግዱት መድኃኒቶች ከአንዱ ሊመጣ ይችላል፤ የብረት ክምችት መለኪያ የሆነው ፌሪቲንም በብግነት ብቻ ሊጨምር ይችላል። የጉበት ብረት በኤምአርአይ፣ ጠባሳው ደግሞ የጉበትን ጥንካሬ በሚለካው በኤላስቶግራፊ ሲለካ ሥዕሉ ይጠራል።

መከላከሉ ለሁለቱ ቫይረሶች አንድ አይደለም። ለሄፓታይተስ ቢ ክትባት አለ፤ ተመራጩም የመጀመሪያው ደም ከመሰጠቱ በፊት መከተብና የፀረ እንግዳ አካሉን መጠን በየጊዜው መለካት ነው፤ ይህ ክትባት ያለ ሄፓታይተስ ቢ መኖር የማይችለውን ሄፓታይተስ ዲንም ይከላከላል። ለተያዘው ሰው ቴኖፎቪርና ኢንቴካቪር የተባሉት መድኃኒቶች የቫይረሱን መባዛት ይገቱለታል፤ ፈጽሞ ማጥፋት ግን ብዙውን ጊዜ አይችሉም። ለሄፓታይተስ ሲ ክትባት የለም፤ ሕክምናው ግን ተለውጧል። ቀድሞ ከኢንተርፌሮን መርፌ ጋር ይሰጥ የነበረው ሪባቪሪን የተባለ መድኃኒት ቀይ የደም ሕዋሳትን ስለሚሰብር የታላሴሚያ ሕመምተኛ ተጨማሪ ደም፣ ከደሙም ጋር ተጨማሪ ብረት እንዲወስድ ያስገድደው ነበር፤ ብዙ ሐኪሞችም በዚህ የተነሣ ሕክምናውን ለመጀመር ያመነቱ ነበር። ከእ.ኤ.አ. 2013 በኋላ የመጡት ቫይረሱን በቀጥታ የሚያጠቁ እንክብሎች ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ባለ ጊዜ ውስጥ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑትን ይፈውሳሉ። ይሁን እንጂ በሰውነት ተደብቆ የነበረ ሄፓታይተስ ቢ በእነዚህ መድኃኒቶች ጊዜ ሊያገረሽ ስለሚችል አስቀድሞ ለእርሱም መመርመር ግድ ነው።

ከሄፓታይተስ ሲ የዳነ ሕመምተኛ ፀረ እንግዳ አካሉ በደሙ ቢቀርም ዳግም ከመያዝ አይጠብቀውም። ደም መውሰዱን ስለማያቆምም በየዓመቱ የሚደረግለት ክትትል የቫይረሱን ዘረመል በሚፈልግ ምርመራ መሆን አለበት፤ ከመዳኑ በፊት ጉበቱ ጠንክሮ ከነበረ ደግሞ ለካንሰር በየ6 ወሩ የአልትራሳውንድ ምርመራ ይቀጥላል።