የገና የቤት መብራቶች

የገና የቤት መብራት የሚባለው በበዓሉ ሰሞን የገናን ዛፍ፣ መስኮትን፣ በረንዳንና የቤትን ፊት በትናንሽ አምፖሎች የማስጌጥ ልማድ ነው። መነሻው ሻማ ሲሆን፣ በጀርመን ምድር በዛፍ ላይ ሻማ ማብራት በ17ኛው ክፍለ ዘመን ይታወቅ ነበር። ጀማሪው ማርቲን ሉተር ነው የሚለው ትረካ በስፋት ቢነገርም በዘመኑ ሰነድ የተደገፈ አይደለም። ሻማው እርጥበት ያልተለየው ቅርንጫፍ ላይ ሳይቀር እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል፣ ጥንቁቅ ቤተሰብ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ አብርቶ ውኃ የሞላ ባልዲ አጠገቡ ያኖር ነበር።

የኤሌክትሪኩ ዘመን የሚጀምረው በቶማስ ኤዲሰን የሥራ ባልደረባ በኤድዋርድ ጆንሰን ቤት ነው። ኤዲሰን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1880 ሜንሎ ፓርክ በሚገኘው ቤተ ሙከራው ደጅ አምፖሎችን ሰቅሎ እንደነበር ቢነገርም፣ መብራቱን ከዛፉ ጋር ያገናኘው ጆንሰን በመሆኑ ክብሩ ያለጥርጥር የእሱ ነው። በታኅሣሥ 1882 ኒው ዮርክ በሚገኘው መኖሪያ ቤቱ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ የሆኑ 80 አምፖሎችን በእጅ በተሠራ የሽቦ መስመር አያይዞ፣ በኤሌክትሪክ ኃይል በሚሽከረከር ዛፍ ላይ አበራቸው። ትዕይንቱን በዝርዝር የዘገበው ለዲትሮይት ጋዜጣ ይጽፍ የነበረ አንድ ዘጋቢ ነው፤ ያ ዘገባ ባይኖር ይህ ድንቅ ሥራ ተረስቶ ይቀር ነበር።

ለዓመታት ግን መብራቱን የሚዘረጋ ባለሙያ መቅጠር ግድ ስለነበር ጌጡ የባለጸጎች ብቻ ሆኖ ቆየ። በ1903 የአሜሪካው ኩባንያ ጄኔራል ኤሌክትሪክ አስቀድመው የተገጣጠሙ የመብራት መስመሮችን ለገበያ አቀረበ፤ በ1920ዎቹም ዋጋቸው እየረከሰ ወደ ብዙ ቤቶች ገቡ።

የቀደሙት መስመሮች አምፖሎቻቸው በተከታታይ የተያያዙ ነበሩ። ስምንት ባለ 15 ቮልት አምፖሎች አንዱ ከሌላው ተያይዘው የአሜሪካን የ120 ቮልት የቤት ኃይል እኩል ይካፈላሉ፤ በአንዱ አምፖል ውስጥ የሚበራው ክር ከተበጠሰ የኤሌክትሪክ ጅረቱ ስለሚቋረጥ ሁሉም ይጠፋሉ፣ የተቃጠለውንም ለማግኘት አንድ በአንድ መቀየር ያስፈልግ ነበር። በትይዩ የተያያዘው መስመር ይህን ችግር ቢያስወግድም እያንዳንዱ አምፖል የቤቱን ሙሉ ቮልት የሚቀበል ስለሆነ ሙቀቱና የኃይል ፍጆታው ከፍ ይላል። ኋላ የመጡት ጥቃቅን አምፖሎች ወደ ተከታታዩ አሠራር ቢመለሱም፣ በውስጣቸው ባለች ቀጭን መተላለፊያ ሽቦ ምክንያት አንዱ ሲቃጠል ጅረቱ በእሷ በኩል ያልፋል። ሆኖም የቀሩት አምፖሎች የሟቹን ድርሻ ስለሚሸከሙ፣ የተቃጠሉትን ቶሎ አለመተካት ዕድሜያቸውን ያሳጥራል።

ዛሬ ኤልኢዲ (ያለ ክር የሚያበራ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ መብራት) የቀደመውን አምፖል በአብዛኛው ተክቷል። የሚወስደው ኃይል እጅግ ጥቂት፣ ሙቀቱም አነስተኛ ነው። ለውጭ የሚሰቀለው መስመር ከውኃ ርጭት የሚከላከለውን የአይፒ44 ደረጃ ያሟላ ሊሆን ይገባል፤ ሽፋኑ የተላጠ ሽቦ ጨርሶ አይሰቀልም፣ ገመድም በምስማር ተወግቶ ሳይሆን በመያዣ ይታሰራል።