ከንፈር ከመምጠጥ ከረሜላ መያዝ

ባለፈው ክረምት ጎንደር ውስጥ፣ ሕመም ያለባቸው ልጆች በሚሰነብቱበት ካምፕ ሠርቼ ነበር። ዓይነት አንድ ስኳር፣ የሚጥል በሽታና የልብ ሕመም ያለባቸው ልጆች በየተራ ይመጣሉ። አንዱ ዙር አንድ ሳምንት ነው። ቦታው ተማሪ የሌለበት የትምህርት ቤት ግቢ ነው፤ ዴስኩን አውጥተን ፍራሽ አነጠፍን፣ አለቀ። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሥራዬ ማጫወት፣ መቁጠር፣ አብሮ ማደርና ዓይን አለመንቀል ነበር።

ከዚያ ወዲህ ፒያሳ ላይ ቡና የጋበዘኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ከንፈሩን ይመጥና ቀጥሎ አንድ የተሳሳተ ነገር ይናገራል። ለእያንዳንዱ ከምመልስ እዚህ ልጻፈውና ልረፍ።

«ልብሽ አይሰበርም?»

የሚሰበረውስ ወገብ ነው። ሃያ ልጅ ጭቃ ውስጥ ሲያሯሩጥሽ ይውልና ማታ ሃያ ጥንድ ካልሲ ታጥቢያለሽ። የጎንደርን ሐምሌ ታውቁታላችሁ፤ ጠዋት ፀሐይ ብልጭ ካለች ሜዳ ነን፣ ዝናቡ ሲወርድ ደግሞ ክፍል ውስጥ ገበጣና እንቆቅልሽ። (መልሱ ጠፍቶት «አገር ስጠኝ» ሲባል ጎንደርን የሰጠ ልጅ አላየሁም። መተማን ይሰጣሉ፣ አዘዞን ይሰጣሉ፣ ፋሲልን ግን በጭራሽ።)

ለቅሶ ያየሁት ሁለት ቀን ነው፤ የመጡ ዕለት እናት ስትሄድ፣ የሚመለሱ ዕለት ጓደኛ ሲለያይ። እኔን የነካኝ ሌላ ነገር ነው። ከደንቢያ የመጣች የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ በሁለተኛው ቀን ጠዋት ሌላ ልጅ ሆዷ ላይ መርፌ ስትወጋ አየች። «አንቺም?» አለቻት። «እኔም።» በቃ፣ ይኸው ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ በዓለም ላይ ይህ ነገር ያለባት እሷ ብቻ ይመስላት ነበር።

ስለዚህ «ካምፕ የፈረንጅ ቅንጦት ነው» የሚሉትንም አልቀበልም። መነሻው እዚያ መሆኑ እውነት ነው። ሌናርድ ዌንት የሚባል ሐኪም ስኳር ላለባቸው ልጆች ሚሺጋን ውስጥ ካምፕ የከፈተው በ1925 እ.ኤ.አ. ነው፤ ተዋናዩ ፖል ኒውማንም በ1988 ኮኔቲከት ውስጥ በጠና ለታመሙ ልጆች ሌላ ከፍቷል። ግን ችግርን ከመሰል ጋር መካፈል ዕድር ላለው ሕዝብ እንዴት እንግዳ ይሆናል?

«ስኳር የሀብታምና የሽማግሌ በሽታ አይደል እንዴ?»

ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ልጆቹ የያዛቸው ዓይነት አንድ የሚባለው ነው። የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ በቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን (የደም ስኳርን የሚያወርደውን ንጥረ ነገር) የሚሠሩትን ሕዋሳት ያጠፋል። ከረሜላ ስለበላ፣ እናቱ ስላቀማጠለችው የመጣ አይደለም። ግማሾቹ ልጆች ከገጠር ናቸው፤ ስኳር የሚባለውን ነገር በበዓል ሻይ ላይ ብቻ የሚያውቁ።

ምልክቱ ቶሎ ቶሎ መጠማት፣ ሌሊት ሽንት ማብዛት፣ እየበሉ መክሳት ነው። ሲብስ ማስታወክና በኃይል መተንፈስ ይመጣል። ቤተሰብ ወባ ነው ይላል፣ ታይፎይድ ነው ይላል፣ ቡዳ ነው ይላል፣ ልጁ ግን በዚያ መሀል ሰመመን ውስጥ ይገባል። ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የተሰጠው በ1922 እ.ኤ.አ. ቶሮንቶ ላይ ለአንድ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነው። ከዚያ በፊት ይህ በሽታ በልጅ ላይ ከታየ ማለቂያው ሞት ነበር። መርፌው ለእነሱ እንደ ውኃ ነው የምለው ለዚህ ነው።

«ስኳር ያለበት ልጅ ጣፋጭ አይነካም»

እኔም እንዲህ አስብ ነበር። የገባን ዕለት ነርሷ ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ እፍኝ ከረሜላ ስታድል የምትቀልድ መሰለኝ።

በሦስተኛው ቀን አንድ ልጅ ኳስ ላይ ባሕርዩ ተቀየረብኝ። ሲጫወት የነበረ ልጅ ዝም ብሎ ጓደኛውን ገፈተረ፣ «ውጣ» ስለው ሰደበኝ። ጥጋብ ነው ብዬ በረንዳ ላይ ብቻውን እንዲቀመጥ ቀጣሁት። ነርሷ ስታልፍ ፊቱን አየችው፤ አልቦታል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። ጣቱን ወግታ ለካችው። 48! ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ሲሆን ስኳር ወረደ ይባላል። አእምሮ የሚሠራበት ሲያጣ መጀመሪያ የሚሄደው ትዕግሥት ነው፤ እኔ ደግሞ ለዚያ ቀጣሁት። አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠን አጠጣነው፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ጠብቀን ደግመን ለካነው፣ ስኳሩ ሲመለስ ዳቦ ሰጠነው። እሱማ ረስቶት ወደ ኳሱ ሄደ። እኔ ነኝ ያልረሳሁት።

ስለዚህ ነገሩ «ጣፋጭ ክልክል ነው» ተብሎ የሚያልቅ አይደለም። ኢንሱሊን የሚወስድ ልጅ ምግቡ፣ መርፌውና ሩጫው ሚዛን መጠበቅ አለባቸው። ሩጫ ስኳርን ያወርዳል፣ ያውም ወዲያው ብቻ ሳይሆን ከሰዓታት በኋላ፣ እንቅልፍ ላይ ጭምር። ኳስ በበዛበት ቀን ሌሊት 8 ሰዓት ተነሥተን በባትሪ ብርሃን ጣት የምንወጋው ለዚህ ነበር። ካፊያ ነው፣ ብርድ ነው፣ ልጁ እንቅልፉን ሳያቋርጥ ጣቱን ይሰጥሻል። ይለምዱታል።

አንድ ነገር ግን በደንብ ያዙልኝ። ስኳሩ ይውረድ ይውጣ ካላወቃችሁ፣ መለኪያም ከሌለ፣ ልጁ ነቅቶ መዋጥ የሚችል ከሆነ ስኳር ስጡትና ወደ ሐኪም ውሰዱት። ወጥቶበት ከሆነ ትንሽ መጨመሩ አይገድለውም፤ ወርዶበት ሳለ ኢንሱሊን መውጋት ግን ይገድላል። ራሱን ስቶ ከሆነ በአፉ ምንም አታፍስሱ፣ በጎኑ አስተኝታችሁ ሩጡ።

«ካልበላ መርፌውን ይዝለለው»

ነሐሴ የፍልሰታ ነው፣ ከ1 እስከ 16። የልጆች ጾም ነው የምንለው፤ ልጅ ሁሉ እስከ ቅዳሴ መውጫ ልዋል ብሎ የሚፎካከርበት። በነሐሴው ዙር ሦስት ልጆች ተደብቀው ቁርስ ሳይበሉ ሊውሉ ሲሉ ያዝናቸው። አንደኛው በኩራት «መርፌዬንም አልተወጋሁም» አለ። ሁለት ስህተት በአንድ ጠዋት! ተወግቶ መጾም ስኳሩን ያወርደዋል። ጭራሽ አለመወጋት ደግሞ ደሙን በሌላ መርዝ ይሞላዋል፤ ዓይነት አንድ ያለበት ሰው ባይበላም እንኳ መሠረታዊው፣ ከምግብ ጋር ያልተያያዘው ኢንሱሊን ያስፈልገዋልና። መጠኑን የሚቀንሰው ሐኪም እንጂ ልጁ አይደለም።

መፍትሔው ቀላል ነበር። አንድ ቄስ መጥተው ሕመምተኛ በሰዓት እንደማይያዝ ነገሯቸው። ከዚያ በኋላ የምግቡን ዓይነት ጾሙ፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን በሰዓቱ። ቡሄም አልቀረባቸውም። ሙልሙሉን ነርሷ ቆርሳ፣ መጠኑን አስልታ፣ ከመርፌው ጋር አስማምታ ሰጠቻቸው። ጅራፍ ሲያጮኹ አምሽተው ጎረቤት አማረረን።

«ጠበል ከገባ መድኃኒት ማቆም አለበት» የሚለውም የዚሁ ዘመድ ነው። አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው መሄድ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል። ለኢንሱሊንስ ምን ልዩነት አለው? ጠበሉን ይጠመቅ፣ መርፌውንም ይወጋ።

«ፍሪጅ የሌለው ቤት ኢንሱሊን አይቀመጥም»

ይቀመጣል። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቢሆን ጥሩ ነው። የተከፈተው ግን ሙቀት በማይበዛበት ክፍል ለአራት ሳምንት ያህል ይቆያል፤ ጎንደር ከተማ ክረምት ላይ ለዚህ ተመችታለች። ከመተማ በኩል ለመጡት ግን ሸክላ አሳየናቸው። ትንሽ ማሰሮ በትልቅ ማሰሮ ውስጥ፣ መሀሉ ላይ እርጥብ አሸዋ፣ ብልቃጡ ውኃ እንዳይነካው በላስቲክ ተጠቅልሎ። ውኃው ሲተን ያቀዘቅዘዋል። አንዲት እናት ሳቀች፤ «የጠላ ውኃ የምናቀዘቅዝበት አይደል?» አለች። አዎ፣ እሱው ነው። በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ግን ቢቀልጥም አይረባም፣ ይጣላል።

«ሲጥለው ክብሪት አሽትቱት»

አላሸተትንም። ክብሪት መሽተቱ ምንም አያደርግም፤ ልጁ የሚነሣው መንቀጥቀጡ በራሱ ጊዜ ስለሚያበቃ ነው፣ ክብሪቱ ግን ምስጋናውን ይወስዳል። ማንኪያ በጥርሱ መሀል መክተትም፣ እጅና እግር በኃይል መያዝም ጉዳት ነው። ያደረግነው ይህን ነው፤ ጭንቅላቱ ሥር ጃኬት፣ አንገቱን ፈታ፣ በጎኑ ማዞር፣ ስልክ አውጥቶ ደቂቃ መቁጠር። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ሆስፒታል። በደንብ ሳይነቃ ውኃ እንኳ አይሰጠውም። የሚጥል በሽታ ያለባቸው ልጆች በመጡበት ዙር ሁለት ጊዜ አጋጥሞናል፣ ሁለቱም ሁለት ደቂቃ አልሞሉም። ለእኔ ግን አንድ ዓመት ነበር የመሰለኝ።

አረፋው ይተላለፋል የሚለው ደግሞ ልጆቹን ከሕመሙ በላይ የጎዳ ነገር ነው። አይተላለፍም። በምራቅም፣ በትንፋሽም፣ በአንድ ትሪ አብሮ በመብላትም። ወንድማቸው ጋር አንድ ማዕድ ላይ የማይቀመጡ ልጆች ነበሩ፤ የመጀመሪያው ምሳ ላይ ትሪው ሲቀርብ ራሳቸውን ወደ ኋላ ሲጎትቱ ታያላችሁ። ጎረስን፣ አጎረስናቸው።

እውነተኛው አደጋ ያለው እሳት፣ ውኃና ከፍታ ጋር ነው። ምድጃ ላይ ወድቆ የተቃጠለ ልጅ በየቀበሌው አለ። ሆኖም እሳት ስናነድ አላስቀረናቸውም፤ ከእሳቱ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ፣ አጠገባቸው አንድ ሰው፣ አለቀ። ሌላው ጠላት እንቅልፍ ማጣትና ኪኒን መዝለል ነው። ማታ 3 ሰዓት ላይ መብራት ስናጠፋ የሚያጉረመርሙብን ብዙ ነበሩ። አንለውጠውም።

የልብ ሕመም ያለባቸው ልጆች ላይ ብዙ የምለው የለኝም፣ አንዱን ብቻ ላንሣ። «እንጥሉ ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ ልቡን አያመውም ነበር» ያሉኝ ሰው አሉ። ጉዳዩ ተገላቢጦሽ ነው። ልቡን የሚጎዳው በጊዜው ያልታከመ የጉሮሮ ቁስለት የሚያስከትለው የቁርጥማት ትኩሳት ነው፤ መድኃኒቱ ፔኒሲሊን እንጂ ምላጭ አይደለም። አንዴ ከያዘ ደግሞ በየወሩ የምትወጋው መርፌ እንዳትቀር።

«ነርስ ካልሆንኩ ምን እሠራለሁ?»

መርፌ የሚወጋ አንድ ሰው ይበቃል፤ የሚያስፈልገው የሚያስተውል ሰው ነው። ፀጥ ያለውን ልጅ፣ ሳህኑን ያልነካውን፣ በድንገት የተነጫነጨውን። መቆጣትም ያስፈልጋል። «ታማሚ ነው፣ አትናገሩት» ብለን የተውነው ልጅ በሁለት ቀን ውስጥ የሁሉንም ወረፋ መዝለል ጀመረ። ልጅ ነዋ! ቀጣነው፣ ግን መጀመሪያ ጣቱን ለክተን።

ለመጪው ክረምት መምጣት የሚፈልግ ካለ፣ ቦቲ ጫማ፣ ሁለት ጃኬት፣ ሰከንድ የሚቆጥር ስልክ። ኪሳችሁ ውስጥ ከረሜላ። ቸኮሌት አትያዙ፣ ቅባቱ ስኳሩን ያዘገየዋል፤ ደግሞም ልጆቹ ሳይሆኑ እኛው ነን የምንጨርሰው።